«ና» ያለኝ ሠንጠረዥ

ስለ ገብሱ ከማውራቴ በፊት የሚያወራው ማን እንደሆነ ይታወቅ።

የእስቴ ሰው ነኝ። ቤቴ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጉና በሚያቀናው ደጋ ላይ ነው። ዘመናዊ ትምህርት ቤት የገባሁት የጣሪያውን ቆርቆሮ ለመምታት ብቻ ነው። ይሁን እንጂ በአካባቢያችን የተበላሸ ነገር ሁሉ መጨረሻው እኔ ዘንድ ነው። ራዲዮ ጠግኛለሁ። የልብስ ስፌት መኪና ፈትቼ ገጥሜያለሁ፤ የተረፈኝንም ብሎን እስካሁን በክብር አስቀምጨዋለሁ። የወፍጮው ሞተር አልነሣ ያለ ጊዜ፣ ባለሙያ ከደብረ ታቦር እስኪመጣ ሰው ሁሉ ሲጨነቅ፣ እኔ ድምፁን ብቻ ሰምቼ ሕመሙን ነገርኋቸው። ባለሙያው መጥቶ ያገኘው ሕመም ሌላ ነበር። ቢሆንም የኔም ሕመም ሳይኖርበት አይቀርም።

በልጅነቴ ጋይንት ቤተ ልሔም ሄጄ ድጓ ጀምሬ ነበር። «አልጨረሰም» የሚሉኝ አሉ። ድጓ የሚጨረስ ነገር አይደለም፤ ይህን ከጓደኞቼ ቀድሜ ስለተረዳሁ ቀድሜያቸው ወጣሁ። ስወጣ ግን ፊደሉን ከነሞክሼው፣ ቁጥሩን ከነግዕዙ ይዤ ነው። ዛሬም ቢሆን 25 ብዬ አልጽፍም፤ ፳፭ ነው የምጽፍ። 25ን ማንም ይጽፈዋል።

መካነ ኢየሱስ ሒሳብ የምታስተምር ልጅ አለችኝ። ሒሳቡን ከማን እንደወረሰች አልናገርም። አሮጌ ላፕቶፗን «ሞቷል አባየ፣ ይጣሉት» ብላ ትታልኝ ሄደች። አልሞተም ነበር፤ ገመዱ ነው የተቆረጠ። ገመዱን ቀጥዬ ስከፍተው በውስጡ ለስታትስቲክስ ስሌት የሚያገለግል ፕሮግራም አገኘሁ። የፕሮግራሙ ስም አንዲት የፈረንጅ ፊደል ብቻ ናት። ይህን የሚያህል ነገር ሠርቶ ስም ለማውጣት የሚሰንፍ ሰው መኖሩ እስካሁን ይገርመኛል። ትዕዛዝ ሲጽፉለት ይሠራል፤ ያልተስተካከለ ትዕዛዝ ከተጻፈ በቀይ ቀለም ይቆጣል። ቁጣውን በመዝገበ ቃላት እየፈታሁ፣ የቀረኝንም ልጄ ቅዳሜ ስትመጣ እየጠየቅኋት፣ በአንድ ክረምት እጄ አስገባሁት። ጠየቅኋት ያልሁት ለወግ ነው። ብዙውን ጊዜ የማውቀውን ነበር የማረጋግጥ።

እንግዲህ ወደ ገብሱ።

ባለቤቴ ከእናቷ የወረሰችው ገብስ አለ። ዛላው አጭር፣ ፍሬው ደቃቅ፣ ቀለሙ ወደ ጥቁረት የሚያደላ ነው። ሲያዩት አያምርም። አማቴ ልጇን ስትድርልኝ ብዙም አልሳሳችም፤ ዘሩን የሰጠችን ግን ሦስተኛ ልጃችን ከተወለደ በኋላ ነው። ባለቤቴም በየዓመቱ ዋና ዋናውን ዛላ ለቅማ፣ በቅል አድርጋ ጣሪያ ስር ታንጠለጥለዋለች። ከሷ ወስደው የሚዘሩ ጥቂት ቤቶች አሉ። ከነሱ በቀር ያን ገብስ የሚያውቀው የለም።

የመንደራችን የዘር ማኅበር የጋራ መሬት አለው። እዚያ የተዘራ ዘር ይባዛል፣ ለአባል ሁሉ ይታደላል። እዚያ ያልተዘራ በየጓሮው ይቀራል፤ በየጓሮው የቀረ ደግሞ አንድ ክፉ ዓመት ሲመጣ ይጠፋል። አምና ለማኅበሩ አዲስ የገብስ ዘር መጣለት። ቁመቱ ሎጋ፣ ፍሬው ድንቡሽቡሽ ያለ፣ እንደ ሚዜ የሚያኮራ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ገና ሲያየው ወደደው። ከባለቤቴ ወስደው የሚዘሩት ግን ነባሩ የሷ ገብስ አይናቅም አሉ። ብዙ ተጨቃጨቅን፤ በመጨረሻ ፈቃደኛ የሆነ ሁሉ እኩል በተለኩ መደቦች ላይ ሁለቱንም እንዲዘራ፣ ማንም ሳይነካው በአውድማ እንዲመዘን፣ በአማካይ የበለጠውም የጋራውን መሬት እንዲይዝ ተወሰነ።

«ማን ያሰላዋል?» ሲባል የሰው ዓይን ሁሉ ወደኔ ዞረ። ዓይኑ የዞረው እኔ ስለቆምሁ ነው የሚሉ አሉ። ቢሆንስ? መቆምም ዕውቀት ይጠይቃል።

ቤት ስገባ ባለቤቴ «እንግዲህ የእናቴ ገብስ በእጅዎ ነው» አለችኝ።

ባለቤቴ እርስዎ ነው የምትለኝ። አንባቢ ይህን ይያዝልኝ፤ በኋላ ይፈለጋል።

«ሒሳብ ዘመድ አያውቅም» አልኋት።

«ዘመድ ባያውቅ ገብስ ይወቅ» አለችኝ።

ኅዳር ላይ ሚዛኑን በአህያ ጭኜ ከአውድማ አውድማ ዞርሁ። እየመዘንሁ በግዕዝ ቁጥር እጽፋለሁ። አንዳንዱ መደብ ላይ ስደርስ ግን የሚመዘን ነገር የለም። «የዚህኛውስ?» ስል ባለመደቡ መሬት መሬቱን እያየ «ባዶ ነው» ይለኛል። ባዶ ከሆነ ባዶ ነው፤ ጨዋ ሰው አይመረመርም። በግዕዝ ደግሞ ለባዶ የሚጻፍ ቁጥር የለም። አባቶቻችን ፩ን ከቁጥሩ መጀመሪያ አድርገው፣ ለሌለ ነገር ምልክት ማውጣቱን ለሌላ ሕዝብ ትተውለታል። ስለዚህ ቦታውን ባዶ ትቼው አልፋለሁ። የራሴ መደብ ላይም ስደርስ እንደዚያው ራሴን ጠየቅሁ፣ ባዶ ነው ብዬ ለራሴ መለስሁ፣ ባዶ ትቼው አለፍሁ።

ከዚያ ሁሉንም ወደ ላፕቶፑ አስገባሁና አማካዩን አውጣ ብዬ አዘዝሁት። በቀይ ተቆጣኝ። ልጄ ቅዳሜ ስትመጣ አሳየኋት።

«አባየ፣ ቁጥር አይደለም ነው የሚልዎት። ጽሑፍ ነው እያለ ነው።»

«፳፭ ቁጥር አይደለም?»

«ለኛ ነው። ለሱ ግን ፳፭ ማለትና ሽሮ ማለት አንድ ነው። የሽሮና የበርበሬ አማካይ አውጣልኝ እንዳሉት ነው የቆጠረው። ነገሩ ምን ዓይነት እንደሆነ መጀመሪያ ካልነገሩት አያውቅም።»

«የማያውቅ ከሆነማ ይማራል እንጂ ይቆጣል?»

«በ25 ጽፈው ቢያስገቡትስ?»

«እኔ ለሱ ከምማር እሱ ለኔ ይማር።»

አስተማርሁት። ለእያንዳንዱ ምልክት ዋጋ ሰጠሁት፤ ፳ን ሃያ፣ ፭ን አምስት፣ ከዚያም ጎን ለጎን ያገኘኸውን ደምር አልሁት። ብዙ ከተቆጣጣን በኋላ ገባው። መቶ ኪሎ የደረሰ መደብ ስላልነበር ፻ን አላስተማርሁትም። ቢያስፈልግ አያቅተኝም ነበር።

ቀጥሎ ዘሮቹን በየስማቸው ለይ ስለው አራት ዓይነት ዘር አለ አለኝ። ሁለት ነው የዘራነው! ብናየው ለካ እኔ አንዱን ቦታ «ሐዲስ»፣ ሌላውን ቦታ «ዐዲስ» ብዬ ጽፌያለሁ፤ ልጄ ያገዘችኝ ላይ ደግሞ «አዲስ» ተብሏል። ነባሩ ሲታከልበት አራት ሆነ።

«አባየ፣ ሞክሼ ፊደል አያውቅም» አለች ልጄ።

«እናንተም አታውቁም፤ እሱን ምን አስገረመሽ?» አልኋት። ሦስቱን ግን አንድ አደረግኋቸው።

አሁን ሠንጠረዡ ተስተካከለ ብዬ ስከፍተው ያላሰብሁት ነገር ገጠመኝ። ክብደት መጻፍ በነበረባቸው አንዳንድ ሳጥኖች ውስጥ ሁለት የፈረንጅ ፊደል ተቀምጧል። አንደኛው ኤን፣ ሁለተኛው ኤ ነው። ገጣጥሜ አነበብሁት። «ና» ይላል። ወረድ ብዬ አየሁ፤ «ና»። ከዚያም በታች «ና»። አማካዩን ስጠይቀውም መልሱ «ና» ብቻ ሆነ።

«ማንን ነው ና የሚል?» ብዬ ጮህሁ። «እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሰው ነኝ! ይምጡ ነው የሚባል!»

ልጄ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ባለቤቴም ከውጭ «ምን ሆናችሁ?» ብላ ገባች። «ላፕቶፑ አባየን ና አላቸው» አለቻት ልጄ። ባለቤቴ ማያውን አየት አድርጋ «የት ነው የሚጠራዎት? የሆነ ሥራ ካለ ይሂዱ» አለችና ተመልሳ ወጣች።

«ስድብ አይደለም አባየ» አለች ልጄ ዕንባዋን እየጠረገች። «እዚህ ቦታ ላይ ምን እንዳለ አላውቅም ማለቱ ነው። ጠፍቶብኛል እያለ ነው።»

«አማካዩንስ ለምን ከለከለኝ? የሚያውቀውን ይደምር እንጂ።»

«አንድ እንኳ ከጎደለበት ድምሩን አላውቅም ይላል።»

ይህ ገባኝ። ሰው ሳይሟላ ጠበል ጸዲቁን አላስነካም እንደሚል የማኅበር ሙሴ ነው። ግትር ነው፤ ግን ሥርዓት አለው።

«እነዚህ ቦታዎች ታዲያ ምንድን ናቸው?» አለችኝ። «ባዶ ናቸው?»

«ባዶ ናቸው። ባለቤቶቹ በአፋቸው ነግረውኛል።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እኔ እርግጠኛ ያልሆንሁበት ጊዜ አለ?»

«ይህስ እውነት ነው» አለችና የተማሪ ፈተና ልታርም ወደ ከተማ ተመለሰች። እኔም ባንዲት መስመር ትዕዛዝ «ና» ያለውን ሁሉ ወደ ዜሮ ቀየርሁት። ፕሮግራሙ አልተቆጣም። አማካዩን ወዲያው አወጣ። አዲሱ ዘር ነባሩን ጥሎት ሄዷል። ለውድድር እንኳ የሚበቃ አልነበረም።

ምሳ ላይ ለባለቤቴ ነገርኋት። ከሚስቱ ዘር ይልቅ እውነትን የመረጠ ሰው እንዳገባች እንድታውቅ ብዬ ድምፄን ሞላ አድርጌ ነው የነገርኋት።

ጉርሻዋን መልሳ አስቀመጠች። «የኛ መደብ ስንት ሆነ?»

«ባዶ።»

«ባዶ?»

«ባዶ። ዜሮ።»

«አንተ ሰውዬ!» አለች።

አንባቢ የያዘልኝ እዚህ ይፈለጋል። በትዳራችን ዘመን አንተ ያለችኝ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም በሬው ገደል ሲገባ ነው።

«አንተ ሰውዬ! በመስከረም የጠበስሁልህ እሸት ከየት የመጣ ነው? መስቀልን ያለፍህበት ቆሎስ? በሶውስ? ያ ባዶ ያልኸው ሆድህ ውስጥ ነው ያለ!»

«እሱ ሳይመዘን ነው የተበላ» አልሁ። «ያልተመዘነ ነገር በስታትስቲክስ አይታወቅም።»

ባለቤቴ ከገበታው ተነሣች። ወጥታ ቅሉን ከጣሪያው አወረደችው፣ አቧራውን ጠረገችው፣ መልሳ ሰቀለችው። ያን ጊዜ ከፊቷ ላይ ያየሁትን ዛሬም አልረሳውም። እንደ ተቆጣች ሰው አልነበረችም፤ ለቅሶ ቤት እንደምትሄድ ሰው ነበረች። የማኅበሩ ስብሰባ ለእሑድ ተጠርቷል። የኔ ወረቀት እሑድ ከተነበበ ቅሉ ከዚያ በኋላ ጌጥ ነው።

በማግሥቱ የምሳ ሰዓት ደረሰ። እጄን ታጥቤ ተቀመጥሁ። ባለቤቴ ሳህን ይዛ መጣችና ፊቴ አኖረችው። ታጥቦ ያበራል። በላዩ ላይ ምንም የለም።

«ይኸው ምሳህ» አለች። «ባዶ ነው። ዜሮ ብለህ ብላው።»

ሳህኑን አየሁት። ሳህኑም አየኝ። በዚህ መካከል ከማድ ቤቱ በኩል የሽሮ ሽታ መጣ፤ ነጭ ሽንኩርቱ በዛ ያለበት፣ እኔ የምወደው። እንግዲህ ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ የሚያስበው ስለ ሆዱ ነው። እኔ ግን ስለ ሠንጠረዡ ነበር የማስበው፤ ቢያንስ በአብዛኛው።

ሳህኑ ባዶ ነው አልሁ በልቤ። ምሳ የለም ማለት ነውን? አይደለም፤ ምሳ አለ፣ ይሸተኛል። ወደኔ አልቀረበም እንጂ። ዱቄት የሌለበት ቤት ሳህንም ባዶ ነው። የተቆጣች ሚስት ያለችበት ቤት ሳህንም ባዶ ነው። ሁለቱ ሳህኖች ሲታዩ አንድ ናቸው፤ ሁለቱን አንድ ብሎ የጻፈ ሰው ግን ስለ ቤቱ ምንም አያውቅም። ጥፋቱ የኔ አይደለም፤ የቃሉ ነው። አማርኛችን ለሌለውም፣ ላልታወቀውም፣ ለተበላውም «ባዶ» የምትል አንድ ቃል ብቻ ነው ያዘጋጀ። ግዕዙም ቢሆን ምልክት አላወጣለትም። ይህን ሳያውቅ የፈረንጁ ማሽን ግን ለይቶት ኖሯል! ዜሮና «ና» ለየብቻ! ና ያለኝ እኔን ለመናቅ አይደለም፤ የጠፋውን ነው የሚጠራ።

ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። «አገኘሁት!» ብዬ ጮህሁ።

«ምን? ሽሮውን?» አለች ባለቤቴ ድስቱን እየከለለች።

ለልጄ ደወልሁላት። አዳመጠችኝና «እኔም ያኔ እርግጠኛ ነዎት ያልሁዎት ለዚህ ነበር» አለች። ብዙ ሰው አንድን ነገር እኔ ከተናገርሁት በኋላ እንደዚህ ይላል።

እንደገና በየመደቡ መዞር ሊኖርብኝ ነው። አሁን ግን ጥያቄዬ ስንት ነው ሳይሆን ለምን ባዶ ሆነ ነው። ይህ ደግሞ ከባድ ነው። ማንም ሳይነካው ይመዘን ተብሎ በጉባኤ ተወስኗል፤ የኛ አገር ሰው ደግሞ ርቦኝ በላሁት ከሚል ቢሞት ይመርጣል። ባዶ ነው የሚለው ቃል የተወደደው ገበናን ስለሚሸፍን ነው። ስለዚህ መላ ዘየድሁ። መጀመሪያ የሄድሁት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ጎረቤታችን ዘንድ ነው።

«እኔ» አልኋት «የኔን መደብ ለጥራት ምርመራ በልቼዋለሁ።»

«ለምን አሉ?»

«ለጥራት ምርመራ። እሸቱን፣ ቆሎውን፣ በሶውን በየዓይነቱ መርምሬዋለሁ። ምናልባት አንቺም መርምረሽው እንደሆን ብዬ ነው።»

ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «ኧረ እኔስ ከነልጆቼ ነው የመረመርሁት! አጥብቀን ነው የመረመርነው!»

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀና። ወሬው ከኔ ቀድሞ እየደረሰ፣ ገና ከአጥሩ ስገባ «ምርመራ ነው፣ ምርመራ!» የሚሉኝ ነበሩ። የነባሩ ገብስ ባዶ መደቦች ሁሉም በመስከረም የተመረመሩ ሆነው ተገኙ። የአዲሱ ዘር ባዶዎች ግን ሌላ ናቸው። አዲሱ ዘር ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ውርጭ ቀድሞ ከፍ ያለው ደጋ ላይ የተዘራውን መታው። «ወቅተነው ገለባ ብቻ ነው የወጣ፤ አንድ እፍኝ ፍሬ የለውም» አሉኝ ባለመደቦቹ። ይህ ዜሮ ነው። ተመዝኖ የተገኘ፣ የማያሳፍር፣ እውነተኛ ዜሮ።

ውርጭ የመታውን ዜሮ አድርጌ፣ የተበላውን «ና» ብዬ ተውሁት። ከዚያም የጠፉትን ትተህ ያሉትን ብቻ አስላ የሚለውን ትዕዛዝ ሰጠሁት። አሁን ሁለቱ ዘሮች ትከሻ ለትከሻ ሆኑ፤ ነባሩ በትንሹ ይበልጣል። በደህና መሬት ላይ ግን አዲሱ አሁንም ከባድ ነው። ይህን አልደበቅሁም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ጥላ ስር ተሰበሰብን። ባለቤቴ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች፤ ቅሉን በነጠላዋ ሸፍና ይዛው መጥታለች። ወረቀቴን አነበብሁ። ሊቀ መንበሩ እስክጨርስ ጠበቀና ተነሣ።

«አንቱ፣ ዕውቀትዎን እናከብራለን» አለ። እንዲህ ብሎ የሚጀምር ሰው እንደማያከብር የታወቀ ነው። «ነገር ግን አንድ ነገር አልገባኝም። የአዲሱ ዘር ባዶ ሲሆን ዜሮ ብለው ቆጠሩበት። የባለቤትዎ ዘር ባዶ ሲሆን ግን ከቁጥር አወጡት። ይህ ምን የሚሉት ሒሳብ ነው?»

«የትዳር ሒሳብ ነዋ!» አለ ከኋላ አንዱ። ጉባኤው በሳቅ አለቀ። የሳቀችውን ሁሉ ባለቤቴ አንድ በአንድ ዞራ አየቻት።

ሳቁ እስኪበርድ ቆምሁ። «ልጠይቃችሁ» አልሁ። «የማኅበር ቀን አንዱ አባል ቀረ። ሌላው መጣ፣ ግን ባዶ እጁን መጣ። ሁለቱ አንድ ናቸው?»

«ምን ሲደረግ!» አሉ።

«ባዶ እጁን የመጣውን ምን ታደርጉታላችሁ?»

«እናማዋለና!»

«የቀረውንስ?»

«ምን አግኝቶት ነው ብለን እንጠይቃለን።»

«በቃ። አዲሱ ዘር ከነውርጩ መጥቷል፤ ባዶ እጁን ነው የመጣ። እሱን እናማዋለን። የባለቤቴ ገብስ ግን ቀርቷል። የቀረን ሰው ባዶ እጁን መጣ ብሎ መጻፍ ሐሰት ነው።»

ሊቀ መንበሩ ራሱን ነቀነቀ። «እሺ፣ ይሁን። ምን አግኝቶት ነው ታዲያ የቀረ?»

ለጥራት ምርመራ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፤ ግን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ቀለለብኝ። ያን ጊዜ ያቺ ጎረቤታችን ተነሣች።

«እኔ ልናገር» አለች። «ጎተራዬ በነሐሴ ነው ያለቀ። መስከረም ሲጠባ በደጄ የደረሰ እህል እሱ ብቻ ነበር። አጨድሁት፤ ከልጆቼ ጋር በላሁት። አዲሱ ዘር ያን ጊዜ ገና ሣር ነው። እናንተ ሚዛን ይዛችሁ የመጣችሁ በኅዳር ነው። በኅዳርማ የማን ጎተራ ባዶ ነው? በኅዳር ማን የማያበላ አለ?»

ማንም አልሳቀም። ከወንዶቹ በኩል አንዱ «የኔም እንደዚያው ነው» አለ። ሌላውም ተከተለ። የነባሩ መደብ ባዶ የተባለበት ሁሉ አንድ በአንድ ተናገረ። በመጨረሻ ሰው ሁሉ ወደ ሊቀ መንበሩ ዞረ፤ የሱም የነባሩ መደብ ባዶ እንደሆነ ወረቀቴ ላይ አለ። ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔም» አለ «መጠነኛ ምርመራ አድርጌያለሁ።»

እዚህ ላይ ወይራው እስኪነቃነቅ ተሳቀ። እኔም እንደገና ተነሣሁ፤ ነገር የሚያሳርግ ሰው ያስፈልጋልና። «እንግዲህ ተመልከቱ» አልሁ። «ይህ ገብስ ከሠንጠረዡ የጠፋው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ቀድሞ ስለደረሰ ነው። የቀረበት ምክንያት ራሱ ክብደቱ ነው። ሚዛን ዘግይቶ መጥቶ ቀድሞ የመጣውን አላየሁህም ቢለው ማነው ጥፋተኛው?»

ይህን ንግግር ከቤት አዘጋጅቼው ነበር የሄድሁት እላለሁ። ባለቤቴ ግን እዚያው የመጣልኝ ነው ትላለች። የትኛውም ቢሆን የኔ ነው።

የጋራው መሬት ለሁለት እንዲከፈል ተወሰነ። ቆላ ቆላው፣ ውርጭ የማያገኘው ወገን፣ ለአዲሱ ዘር፤ ከፍ ያለው ወገን ለነባሩ። ባለቤቴ ነጠላዋን ገልጣ ቅሉን ለማኅበሩ ዕቃ ግምጃ ቤት አስረከበች። ሲቀበሏት ጥቂት አስቀርታ ጨብጣለች። «የእናቴን አንድ እፍኝ ለቤቴ» አለች። ማንም አልከለከላትም።

በዚያ ዓመት ያከናወንሁት እንግዲህ ይህ ነው፤

፳፭ን ቁጥር አይደለም ላለ ማሽን የግዕዝ ቁጥር አስተምሬያለሁ፤ እስከ ፺፱ ድረስ።

ሐዲስን፣ ዐዲስንና አዲስን አስታርቄያለሁ።

በአማርኛ አንድ የነበረውን ባዶ ለሁለት ከፍያለሁ። ቋንቋው ይህን ውለታዬን ገና አልተገነዘበውም።

በመንደራችን የጥራት ምርመራ የሚል ቃል አስገብቻለሁ። ዛሬ ልጅ ከድስት ሰርቆ ሲያዝ የሚለው ይህን ነው።

ከክብደቱ አጠገብ «ለምን» የሚል ዓምድ ጨምሬያለሁ። ባዶ የተባለ ነገር ሁሉ ምክንያቱ ሳይጻፍ አይታለፍም። ሚዛኑም ከእንግዲህ በመስከረምም ይወጣል፣ በኅዳርም ይወጣል።

ራሴን ችዬ የተማርሁ ሰው ሆኜ ሳለሁ፣ ልጄ «እርግጠኛ ነዎት?» ስትለኝ አሁን አንዳንድ ጊዜ መልሼ አያለሁ። ብዙውን ጊዜ እርግጠኛ ነኝ።

የአማቴን ገብስ በጋራው መሬት ላይ አዘርቻለሁ። ስጽፍ በመስኮቱ ይታየኛል፤ ዛላው አጭር ነው፣ ዛሬም አያምርም፣ ግን መያዝ ጀምሯል።

የመጨረሻው፤ ከስብሰባው ተመልሰን እኔ ገና ከበሩ ላይ ሳለሁ፣ ከውስጥ ሽሮው ሸተተኝ፣ ባለቤቴም ሳህኑን ሞልታ አስቀምጣ «ይምጡ» አለችኝ።